የእነ አዜብ ግቢ

ኤፍራታ ጭቃ መሆኑን ያወቀችው ከጠረገችው በኋላ ነው።

ባሏ ኢዮስያስ ከሥራ ገብቶ ጫማውን በር ሥር አውልቆ ነበር። እሷ እራት እያቀረበች ጎንበስ አለች፣ ጨርቅ አነሳች፣ ተረከዙ ላይ የተለጠፈውን ቡናማ ነገር ሁለቴ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ጨርቁን የሚታጠብ ልብስ መሃል ወረወረችው። እጇ ሥራውን ያውቀው ነበር። ልጅ ሳለች በየክረምቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስትሠራው የኖረችው ነገር ነው። ወጡን ጨልፋ ለልጇ ለወለላ ልታወጣላት ስትል ግን እጇ አየር ላይ ቆመ።

በከተማው ጭቃ አልነበረም።

ዝናቡ ከሕንፃዎቹ አናት በላይ በተዘረጉት መረቦች ተይዞ ወደ ታንከር ይገባል፤ መሬት የሚደርስ ጠብታ የለም። መሬቱም ቢሆን ከዳር እስከ ዳር ንጣፍ ነው። የአፈር ደንብ ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አፈር አቧራ ያመጣል፣ ተባይ ያራባል፣ ሕንፃ ላይ ይከብዳል ተብሎ፣ በየበረንዳው የነበረ የአበባ ማሰሮ ሳይቀር ተለቅሞ ከከተማ ወጥቷል። ወለላ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አፈር ያየችው አንድ ጊዜ፣ በትምህርት ቤት ጉብኝት፣ መስታወት ውስጥ ነው።

"ኢዮስ፣ ዛሬ የት ነው የዋልከው?"

"የት እውላለሁ? ሊፍት ውስጥ።"

"የትኛው ሊፍት?"

"የሚወጣውና የሚወርደው።"

ወለላ ሳቀች። ኤፍራታ አልሳቀችም። ኢዮስያስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ቀልዱም ሃያ ዓመቱ ነው። አንገቱን ደፍቶ በላ፣ አመሰገነ፣ ተኛ።

እሷ አልተኛችም። መጀመሪያ ሌላ ሴት መሰለቻት። ቆይታ ደግሞ፣ ጭቃ ያላት ሴት ከየት ትመጣለች አለች። ቀጥሎ የሕንፃው መሠረት ተሰንጥቆ ከሥር ውሃ እየገባ እንደሆነ አሰበች፤ መቶ አሥራ ሁለት ፎቅ በጎኑ ሲጋደም፣ ወለላ በፒጃማ ስትወርድ ታያት። ኤፍራታ የምትሠራው አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። የባሏ የሥራ ቱታ ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ እንደሚጠቁር ታውቃለች፤ ግራሶ ነው ብላ ስንት ዓመት አሸችው። አሁን ግራሶ መሆኑን ተጠራጠረች።

በየማለዳው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የየቤቱ በር "እንደምን አደራችሁ፤ ዛሬ ሥጋት አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ጥርሱን እየፋቀ "የለም" ብሎ ያልፋል። ኤፍራታ ብዙ ጊዜ አለ ትላለች። ደረጃው ላይ ያለው መደገፊያ ይነቃነቃል፤ አየር ማስገቢያው የአይጥ ሽታ አለው። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ በበርበሬ ትን ብሎት ሲያስል ሰምታ አሳወቀች፤ ሰውዬውን ለአሥራ አንድ ቀን ለይተው አቆዩት። ከዚያ ወዲህ በፎቁ ላይ ስሟ "ሳይረን" ነው። ልጆቹ በኮሪደር ስታልፍ በቀስታ ዊ ዊ ይሏታል። አትቀየማቸውም። አንድ ቀን እውነት ይሆናል፤ ያን ቀን ያመሰግኑኛል ትላለች።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ሲጠይቃት፣ "አለ" አለች። "የባለቤቴ ጫማ ላይ ጭቃ። ከየት እንደመጣ አይታወቅም።"

"ተመዝግቧል። ተቆጣጣሪ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ቤትዎ ይገኛል። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን።"

ኢዮስያስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። ውሃው ይፈስ ስለነበር አልሰማም።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ኤፍራታ የማጠቢያውን ሥራ ለባልደረባዋ ትታ ባሏን ተከተለችው። ለምሳ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነኝ ይላት የነበረው ሰውዬ ሊፍቱን አራተኛ ላይ አቆመው፤ እሷ ቁጥሩን ከውጭ አይታ በደረጃ ሮጣ ወረደች። በሞተር ክፍሉ በኩል ገባ። ከሞተሩ ጀርባ የብረት በር አለ፤ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ከፈተና ገርበብ አድርጎ ገባ። ኤፍራታ ከሞተሩ ጎን ቆማ እስከ ሃያ ቆጠረች። ከበሩ በስተጀርባ ያልጠበቀችው ክፉ ነገር አልነበረም። ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጅ፣ የተደበቀ ሬሳ፣ የሚፈነዳ ነገር። በሩን ገፋችው።

ፀሐይ ፊቷን መታት።

ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረው ድልድይ ነው። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሕንፃዎች ግራና ቀኙን ታክከው ሲሠሩ፣ ድልድዩ በጀርባ ግድግዳዎች መሃል ተቀርቅሮ ቀርቷል። አንድም መስኮት ወደዚያ አያይም። ከሥሩ የከተማው ድምፅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከላይ ጠባብ ሰማይ አለ። በሐዲዶቹ መካከል፣ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ፣ አረንጓዴ ነበር።

ኤፍራታ ሳታውቀው ወደፊት ተራመደች። እግሯ መሬት ላይ ከተወጠረ ቀጭን ሲባጎ በላይ አለፈ።

"ልጄ" አለ አንድ ድምፅ፣ "ሰው ግቢ ሲገባ 'ቤቶች' ይባላል።"

ሰማኒያ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ከአንድ ጌሾ ሥር ተቀምጠው ቅጠል ይለቅማሉ። ማን ነሽ አላሉም፤ ከየት መጣሽም አላሉም። ኤፍራታ ወደ ኋላ ተመልሳ ሲባጎውን ተሻገረች። ከሲባጎው ወዲያ ቆማ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ "ቤቶች" አለች።

"ደጅ፣ ግቢ።"

ድምፁን ያወቀችው ያኔ ነው። ያደገችበት የጎርፍ በር ሰፈር። ከቤታቸው ሁለት በር አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር የነበራቸው እትዬ እመቤት። ልጆች ኳሳቸው ግቢያቸው ሲገባ፣ መጀመሪያ ሰላምታ ካልሰጣችሁ አልሰጥም ይሉ የነበሩት።

"እትዬ እመቤት?"

"የአዜብ ልጅ። ፊትሽን ሳላየው አረማመድሽን አወቅኩት። ልክ እንደ ድሮው፣ የሆነ ነገር ይወድቅብኛል እያልሽ ነው የምትሄጂው።"

ኢዮስያስ ከወዲያኛው ጫፍ የውሃ ባልዲ ይዞ መጣ። ሚስቱን ሲያይ ባልዲውን አስቀመጠና ግንባሩን አበሰ። የታሰበው ቀን የመጣበት ሰው ይመስል ነበር፤ አልደነገጠም፣ ደክሞት ብቻ ነበር።

"ጫማዬን ሳልጠርግ ገባሁ አይደል?" አለ።

ነገሩን እየተቀባበሉ ነገሯት። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ከጫነ በኋላ ከየግቢው አፈር በጀሪካን ቀድቶ ነበር፤ ማንም ለማንም ሳይነግር፣ ሁሉም እኔ ብቻ ነኝ እያለ። አፈሩ በየኮንዶሚኒየሙ አልጋ ሥር ስንት ዓመት ተቀመጠ። ደንቡ ሲወጣና ፍተሻ ሲጀመር ግን የሚሸሽጉበት ሲፈልጉ እዚህ ድልድይ ላይ ተገናኙ። የመደቡን አቀማመጥ በተመለከተ ክርክር እንኳ አልነበረም፤ የእነ እትዬ እመቤት፣ ከዚያ የመምህሩ፣ ከዚያ የእነ አዜብ፣ ማዶ የልብስ ሰፊው። መንገዱ እንደነበረው። በሲባጎ አጠሩት፤ አንዱ የሌላውን ሲባጎ "ቤቶች" ሳይል አይሻገርም። የብረቱን በር ቁልፍ ሁሉም ይይዛል፤ ማታ የሚዘጋው ግን ኢዮስያስ ነው።

ኤፍራታ በረንዳቸው ላይ የነበረውን ቢጫ ጀሪካን አስታወሰች። ውሃ ከጠፋ ለመጠባበቂያ ነው፣ እንዳትነኪው ትላት ነበር እናቷ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ውሃ ሲጠፋ ለምን እንደማይከፈት አንድም ቀን አልጠየቀችም።

"የቱ ነው?" አለች።

ኢዮስያስ አሳያት። አራት እርምጃ በሁለት እርምጃ የምትሆን መደብ ነች። ዳሯ ላይ በሶብላና ጤና አዳም፣ መሃሏ ላይ ከሰው ደረት የማይበልጥ የኮክ ዛፍ። ግንዱን በጨርቅ ከአሮጌ የባቡር ምሰሶ ጋር አስረውታል። ፍሬዎቹ አውራ ጣት ያህላሉ፤ አረንጓዴና ፀጉራም።

"ዘንድሮ ገና መጀመሪያ ማፍራቱ ነው" አለ። "ትናንት ሳየው ልቤ ጠፋ። ለዚያ ነው ጫማውን የረሳሁት።"

"እዚህ መምጣት ከጀመርክ ስንት ዓመት ሆነህ?"

"እናትሽ ካረፈች ጀምሮ። አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ዓመት ዋሸኸኝ?"

"አዜብ ናት ያለችው" አሉ እትዬ እመቤት ቅጠላቸውን ሳይተዉ። "ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ነው። 'ልጄን አትንገሯት፤ ከነገራችኋት እንቅልፍ ታጣለች፤ እንቅልፍ ካጣች ደግሞ ለበሩ ትነግረዋለች' አለች። ስድብ አልነበረም። እየሳቀች ነው ያለችው።"

ኤፍራታ የኮኩ ዛፍ ሥር ተንበረከከች። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተችው። እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ጥቁር ድንጋይ አለው፣ የድሮው ግቢያቸው እንደነበረው። ከዝናብ በኋላ ከቤት ወጥታ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ የሚመጣው ሽታ መጣ። እናቷ ያልበሰለ ኮክ በጨው አትብዪ፣ ሆድሽን ይቆርጥሻል እያለች ራሷ ስትበላ ታየቻት። ያ ሁሉ ጊዜ የጠፋ መስሏት ነበር። ሰዎች ግን በምሳ ሰዓታቸው፣ በየተራ፣ ውሃ ሲያጠጡት ኖረዋል።

ከዚያ ነገ ስምንት ሰዓትን አስታወሰች።

"አሳውቄያለሁ" አለች።

ማንም አልገባውም።

"ዛሬ ጠዋት። ጭቃውን። ተቆጣጣሪ ነገ ይመጣል።"

እትዬ እመቤት ቅጠል መልቀም አቆሙ። የልብስ ሰፊው ልጅ የነበረው ሽማግሌ ከማዶ፣ "አይ ሳይረን" አለ፤ ስሟ እዚህም ደርሶ ኖሯል። ከዚያ ወሬው በሲባጎዎቹ ላይ እየዘለለ እስከ መጨረሻው መደብ ሄደ። አሥራ ስድስት ሰዎች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ያረጁ፤ ሁሉም ቆመው አዩዋት። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

"መሰረዝ ይቻላል?" አሉ እትዬ እመቤት።

"የተመዘገበ ሥጋት አይሰረዝም" አለ ኢዮስያስ። አሠራራቸውን ያውቃል፤ ስንት ጊዜ ሊፍት ከፍቶላቸዋል። "መጥተው ምንጩን ይጠይቃሉ። ምንጩ ከተገኘ ፋይሉ ይዘጋል። ካልተገኘ ከጫማው ተነስተው ወደኋላ ይሄዳሉ። የረገጥኩትን ሁሉ ወለሉ ይነግራቸዋል። እስከዚህ በር።"

"እንግዲያው ሌሊቱን ሙሉ እንሸከም" አለ ሽማግሌው። "ወዴት ግን? በየት በኩል?"

አንዲት ሴት መደቧ ዳር ቁጭ ብላ ጎመኗን ትነካካ ጀመር።

ኤፍራታ ሕይወቷን ሙሉ ከሁሉ የከፋውን ስትጠብቅ ኖራለች። ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ግን አስባ አታውቅም ነበር። አሁን ያሰበችው ነገር ቀላል ስለነበር ራሷን አስገረማት።

"ምንጩ ቤቴ ይሁን" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ ኢዮስያስ።

"አፈሩን ቤቴ ያግኙት። ባልዲ አምጣ።"

"ኤፊ፣ መስኮታችንን ይወስዱታል።"

ዘጠኝ ዓመት ነው መስኮት ላለው ቤት የተሰለፉት። የተሰጣቸው አምና ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤፍራታ ከማጠቢያው አምልጣ ወጥታ፣ ወለላ ከትምህርት ቤት የእግረኛ ድልድዩን ስትሻገር ከመስኮቱ ቆማ ታያለች። ሕፃኗ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እስክትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። ያቺን ሦስት ደቂቃ ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ከየትኛው መደብ እንስጥሽ?" አሉ እትዬ እመቤት። "እኔ ጋ ትርፍ አለ።"

"ከእኛ ነው እንጂ። የጠራኋቸው እኔ አይደለሁ?"

በእጇ ነው የቆፈረችው። የዛፉን ሥር ላለመንካት ከዳር ከዳር፣ በሶብላውን እየነቀለች፣ ሁለት ባልዲ ሞላች። የመደቡ ግማሽ ወረደ። ከሥሩ የድልድዩ ሲሚንቶ ታየ። የተነቀለውን በሶብላ እትዬ እመቤት ተቀብለው በራሳቸው ግቢ ተከሉት፤ "በአደራ ነው" አሉ። ኢዮስያስ ባልዲዎቹን በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አድርጎ፣ የሊፍቱን ካሜራ ለጥገና ብሎ አጥፍቶ፣ ወደ ቤታቸው፣ አርባ አንደኛ ፎቅ አወጣቸው።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የመጣችው ተቆጣጣሪ ወጣት ነበረች። ትሁት ነች፤ ጫማዋን በር ላይ በላስቲክ ሸፈነች፣ ውሃ ይጠጡ ሲሏት አመሰግናለሁ አለች።

"ምንጩን አግኝተውታል?"

ኤፍራታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያሉትን ሁለት ባልዲዎች አሳየቻት። ከአንዱ ሆን ብላ ወለሉ ላይ ትንሽ አፍስሳ ነበር።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእኔ። የእናቴ ግቢ አፈር ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ ትቼው መውጣት አላስቻለኝም።"

"ባለቤትዎ ያውቁ ነበር?"

"አያውቅም። ረግጦት ነው የወጣው።"

ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አቆመች። "አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ራስዎ ደብቀው፣ ራስዎ አሳወቁ?"

ኢዮስያስ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ኤፍራታ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም። ለሌላው ሁሉ ስትዘጋጅ አድራ ነበር፤ ለምን ያህል ጊዜ ደበቅሽው፣ ማን አመጣልሽ፣ ሌላ አለ ወይ። እንግዲህ ያላት እውነት ብቻ ነው።

"ፈርቼ ነዋ" አለች። "ጫማው ላይ ሳየው ደነገጥኩ። ስደነግጥ ለበሩ እናገራለሁ። ከተናገርኩ በኋላ ነው የማስበው። መዝገቤን ይዩት።"

ተቆጣጣሪዋ ስክሪኗ ላይ ከፍታ አየችው። ወደታች አወረደችው፣ አወረደችው። መደገፊያው። አይጡ። በርበሬ ትን ያለው ሰውዬ። ከሦስት ዓመት በፊት ራሷ ኤፍራታ ቤቷ ውስጥ ጋዝ ረስታ፣ ከፍታ ወጥታ፣ ከማጠቢያው ሆና ራሷን ያሳወቀችበት። ሴቲቱ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፤ ሳቅ መያዟ ነበር።

"ገባኝ" አለች።

ባልዲዎቹን ከማሸጓ በፊት ጓንቷን አውልቃ አንድ ጣቷን አፈሩ ላይ አሳረፈች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እንደዚያ ሆና ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ጠርጋ ጓንቷን አጠለቀችና ሁለቱን ክዳን በየተራ ገጠመች።

"ፋይሉ ተዘግቷል። ቤተሰቡ ለሦስት ዓመት መስኮት ወደሌለው ውስጠኛ ክፍል ይዛወራል። ዕቃ ለማውጣት እስከ እሁድ ጊዜ አላችሁ።" በሩ ላይ ዞር አለች። "እናትዎ የት ነው ያሉት?"

"አርፋለች።"

"ነፍሳቸውን ይማር" አለች፤ ባልዲዎቹን በጋሪ እየገፋች ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤፍራታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ወለላ የእግረኛ ድልድዩን ተሻገረች። ከሰኞ ጀምሮ እንዴት እንደምትሆን አላወቀችም፤ ምናልባት ድልድዩ ጫፍ ድረስ ወርዳ ትጠብቃት ይሆናል፣ ምናልባት ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ትቆጥራለች። ልጅቷ ገብታ ቦርሳዋን ስትጥል፣ "ነዪ፣ አንድ ቦታ አሳይሻለሁ" አለቻት። "ለማንም አይነገርም። ለበሩም።"

"ለበሩም? አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው?"

"እኔ ነኝ።"

የባቡሩ ድልድይ ላይ ወለላ መጀመሪያ ለመርገጥ ፈራች። ከዚያ አላቆም አለች። ያልበሰለ ኮክ ቆርጠው በጨው ሰጧት፤ ፊቷን አኮማተረችና ሌላ ጠየቀች። ኤፍራታ፣ "ታጥቧል? ሆዷን ይቆርጣታል እኮ" ስትል ሽማግሌው የልብስ ሰፊው ልጅ፣ "ዊ ዊ" አለ በቀስታ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ግማሽ የቀረው መደብ ላይ ኢዮስያስ ተንበርክኮ የዛፉን ሥር በቀረው አፈር ሲሸፍን፣ የመምህሩ ሚስት ከራሷ ግቢ ሁለት እፍኝ አፈር ይዛ መጣች። ሲባጎው ጋ ቆማ "ቤቶች" አለች። ሌሎችም ተከተሏት። ኤፍራታ ለእያንዳንዳቸው "ደጅ፣ ግቡ" እያለች መልስ መስጠት ነበረባት።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግድግዳዎቹ መሃል ቶሎ ይጨልማል። ሰው መሣሪያውን ሰበሰበ። እትዬ እመቤት ቁልፉን ከኢዮስያስ አንገት አውጥተው ለኤፍራታ ሰጧት።

"ከዛሬ ጀምሮ በር የምትዘጊው አንቺ ነሽ። የሚፈራ ሰው በር አይረሳም።"

"እንዴት ነው የሚዘጋው?"

"እንደ ሰፈራችን። ማታ የመንገዱን ብረት በር የሚዘጋው ተረኛ መጀመሪያ በየቤቱ ይጠራ አልነበር? ውጭ የቀረ እንዳይኖር። እኛ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ሆነን እንመልሳለን። የሌሉትንም ጥሪ፤ ጎረቤት ይመልስላቸዋል።"

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ወለላ የአባቷን እጅ ይዛ ወጣች። ኤፍራታ በሩ ላይ ቆማ፣ የጨለመውን መንገድ እያየች፣ ከመጀመሪያው ቤት ጀመረች።

"እነ እትዬ እመቤት?"

"ገብተናል።"

"እነ መምህሩ?"

"ገብተናል።"

"እነ አዜብ?"

ከሞተር ክፍሉ ማንም አልመለሰም። እየጠበቋት ነበር።

"ገብተናል" አለች ኤፍራታ። የቀሩትን ቤቶች ጠርታ ጨረሰች፣ ወጣች፣ የብረቱን በር ሳበችና ቁልፉን አዞረችው።